ለዶክተሩ ያልተነገረው ምች

ሕመሙ መጀመሪያ የያዘኝ የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ባሌ ሰይድና እኔ ብቸና ከገበያው በላይ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ሁለት መኪና ጎን ለጎን አቁመን እንሰፋ ነበር። ያን ቀን የካኪ ሱሪ እየዘመዘምኩ መርገጫውን ስረግጥ፣ ቀኝ ጎኔን ከጀርባ በኩል የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ትንሽ ቆይቶ ለቀቀ፤ መልሶ ያዘ። እኔ ደግሞ ሥራ ጀምሬ የምነሣ ሰው አይደለሁም፤ ጥርሴን ነክሼ ሱሪውን ጨረስኩ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ ሽንቴን ሳየው ቀይ ነው። ክው አልኩ።

የብቸና ጤና ጣቢያ ኩላሊት ነው ብሎ ወደ ሞጣ ጻፈልኝ። ሞጣ የተወለድኩበት ከተማ ነው፤ እናቴም ታላቅ ወንድሜም እዚያው ይኖራሉ። በጭነት መኪና ጋቢና፣ ግንደወይን ላይ ወርጄ አስመልሼ፣ እንደምንም ደረስኩ። ያከመኝን ቤት በስም አልጠራውም። እዚያ በክንዴ የደም ሥር መድኃኒት ወግተው የኩላሊት ራጅ አነሡኝ። መድኃኒቱ አዮዲን ያለበት ነው፤ ኮንትራስት ይሉታል። ኩላሊቱና የሽንት ቧንቧው በፊልሙ ላይ ነጭ ሆነው ጎልተው እንዲታዩ ያደርጋል። ሲገባ ከአናቴ እስከ ጭኔ ሞቅ አደረገኝ እንጂ ሌላ ምንም አላደረገኝም። ኩላሊትሽ ውስጥ ያለችው ጠጠር ትንሽ ናት፣ ውሃ በደንብ ጠጪ፣ ትወጣለች አሉኝ። ካርዴ ላይም ያለ ችግር ተነሥታለች ብለው ጻፉ። እውነታቸውን ነው፤ እዚያ እያለሁ ምንም አልሆንኩም።

የሆንኩት እናቴ ቤት ነው። በቀትር ፀሐይ በእግሬ ሄጄ ገና አረፍ ከማለቴ መዳፌን ያሳክከኝ ጀመር። ቀጥሎ አንገቴን፣ ሆዴን፣ ጭኔን። ገላዬ በሙሉ እብጥብጥ አለ፤ ከንፈሬ ተነፍቶ የሌላ ሰው ከንፈር መሰለ፤ ዓይኔ ተደፈነ። እናቴ አየችኝና ደረቷን ደቃች።

«ምች ነው! በመድኃኒት የሞቀ ገላ ይዞ በቀትር መውጣት አለ እንዴ? ወይኔ ልጄን!» አለች።

ከጓሮ ዳማ ከሴ ቀጥፋ በመዳፏ አሸች። ጭማቂውን አጠጣችኝ፣ በአፍንጫዬ አንጠባጠበችልኝ፣ ገላዬንም ቀባችኝ፤ ከዚያ ጋቢ ደርባ አስተኛችኝ። በማግሥቱ እንደ ወትሮዬ ሆኜ ተነሣሁ። አልሐምዱሊላህ አልን። ታዲያ ማን ወደ ሐኪም ቤት ተመልሶ ይህን ይነግራል? ምች የቤት በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ጓሮ ይበቅላል። ከዶክተር ጋር ምን አገናኘው? እኔም፣ እናቴም፣ ወንድሜም እንዲህ ብለን ነው ያለፍነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ጎኔ ተመለሰ። አሁን ትኩሳትም አለው፣ ብርድ ብርድም ይለኛል። ሰይድ ሱቁንና ልጆቹን ይዞ ቀረ፤ እኔ ሞጣ ወደዚያው ሐኪም ቤት ሄድኩ።

እዚህ ላይ ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ ኑሩ ልንገራችሁ። ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ፣ የዳረኝም እሱ ነው፤ ውለታውን አልክድም። የእንግሊዝኛ መምህር ነው። በዚያ በደርግ ዘመን ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ በየገበሬ ማኅበሩ እየዞረ ስለ ሳይንስና ስለ ኋላ ቀር ልማድ ይናገር ነበር። ክታቡንም፣ ዛሩንም፣ ዳማ ከሴውንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የሚሰድብ። ጉንፋን ሲይዘው ግን እናቴ ዘንድ መጥቶ፣ በር ዘግቶ፣ ያንኑ ዳማ ከሴ ሲያሸት በዓይኔ አይቻለሁ። ኧረ ስንቱን!

ዶክተሩ አዲስ ነው፤ መንግሥት ወዳጅ ከሚለው የሶሻሊስት አገር ከመጣ ገና ዓመቱ የሆነ ፈረንጅ። አማርኛው ብዙም አይደል። ሁልጊዜ የሚያስተረጉምለት ይርጋ የሚባል ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበር። ይርጋ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቅኔ ቤት ጀምሮ ወደ አስኳላ የገባ፣ ሰው ሲያናግር አንገቱን ዝቅ የሚያደርግ። ራጁን እንድደግም ታዘዘልኝ፤ የዋዜማውን የጉሎ ዘይት እንኳ እሱ ነው እያባበለ ያጠጣኝ፤ አንጀት ካልጸዳ ራጁ አይጠራም ብሎ።

በማግሥቱ ጠዋት ባዶ ሆዴን ራጅ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አጋደሙኝ። ጋሼ ራስጌዬ ቆሟል። ይርጋ ሊያስተረጉም ሲጠጋ ጋሼ በእጁ መለሰው።

«አንተ መርፌህን ቀቅል፤ እንግሊዝኛው የኔ ሥራ ነው» አለው።

ይርጋም እሺ ጋሼ ብሎ መርፌ ሊቀቅል ወጣ። ዶክተሩ ካርዴን ይዞ ጠየቀ። ጋሼ ወደኔ ዞረ።

«ይህን መድኃኒት ከዚህ በፊት ወስዳለች ወይ፣ ከወሰደችስ በኋላ የሆነችው ነገር ነበር ወይ ይላል።»

«ወስጃለሁ በለው። የዚያን ዕለት ምች መትቶኝ እንደነበርም ንገረው።»

«ምን?»

«ምች ነዋ! ከንፈሬ ያበጠ ጊዜ፤ ረሳኸው እንዴ?»

ፊቱ ቀላ። «ሰውየው የጠየቀሽ ስለ መድኃኒቱ ነው። ምን ብዬ ልንገረው፣ የቅጠል ወሬ? ኧረ አታሳፍሪኝ ዘሀራ!» አለኝ። ፈገግ ብሎ ወደ ዶክተሩ ዞረና አንድ አጭር ነገር ተናገረ። «ኖ» የምትለዋን እኔም አውቃታለሁ። ዶክተሩ ካርዴን አየ፤ ካርዱም ያንኑ ይላል። በቃ።

እኔስ? አፍ አልነበረኝም? ገበያ መሀል ለአንድ ክንድ ጨርቅ ሰፈር የማናውጥ ሴትዮ፣ ለገዛ ነፍሴ ሁለተኛ ቃል አልጨመርኩም። እጄን አወዛውዤ፣ ከንፈሬን አሳይቼ፣ ምች ብዬ ጮኼ ለዶክተሩ መናገር እችል ነበር። ጋሼ አፈረ፣ እኔም በእሱ ፊት አፈርኩ።

ይርጋ ተመልሶ መጣ። ክንዴን አሰረ። «እትዬ፣ አሁን ይሞቅዎታል፤ አይፍሩ» አለኝ። ወጋኝ።

ሞቀኝ። አፌ ብረት ብረት አለኝ። አስነጠሰኝ። ደገመኝ። መዳፌን አሳከከኝ።

አወቅሁት። ያው ነው። ያው የዚያን ዕለቱ።

ግን ፀሐይ የለም። ጣሪያ ሥር ነኝ። ምች አይደለም። ያኔም አልነበረም።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። ምላሴ አፌን ሞላው። ጉሮሮዬ ተዘጋ። ደረቴ አፏጨ። አየር ፈለግሁ። አጣሁ። እሞታለሁ አልኩ። ያ ረቢ፣ ልጆቼን። ዓይኔ ጨለመ። ጆሮዬ ብቻ ቀረ።

«ዶክተር! አድሬናሊን!» አለ ይርጋ። እግሬን ሽቅብ አነሡት። ጭኔን ሲወጋኝ ተሰማኝ።

ከዚያ የጋሼ ድምፅ። «ገደላት! ምንድን ነው የወጋሃት? አሻጥር ነው! ጥበቃ! ያዙት!»

የመጨረሻ የሰማሁት ይህን ነው።

የቀረውን ኋላ ነው የነገሩኝ። ልቤ ቆሞ ነበር። ዶክተሩ በሁለት እጁ ደረቴን ሲጫን አንድ ጎድኔ ተሰበረ። ይርጋ አድሬናሊኑን ደገመ፣ ግሉኮሱን ከፈተ፣ እብጠት የሚያበርደውን ሃይድሮኮርቲሶን ሰጠ፣ ኦክስጅኑን አፌ ላይ ይዞ ቆመ። ጠብመንጃ ያነገቡት የአብዮት ጥበቃዎች በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ትንፋሼ እስኪመለስ አንድ ጊዜም ዞር ብሎ አላያቸውም አሉ። ስተነፍስ ጊዜ ኦክስጅኑን ለአንዲት ነርስ አስረከበ። ከነነጭ ጋውኑ ወሰዱት።

የያዘኝ ነገር በሐኪም ቋንቋ አናፊላክሲስ ይባላል። ሰውነት አንድን መድኃኒት ጠላት አድርጎ ይይዘውና፣ ሊያባርር ሲል ባለቤቱን ይገድላል። የማንም የእጅ ስሕተት አልነበረም። መጠኑም፣ መርፌውም ልክ ነበር። ግን በዚያ ዘመን አሻጥር የምትባል ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣች ማን ይመልሳታል? ዶክተሩ የወዳጅ አገር ሰው ነው፤ አይነካም። የሚነካ ይርጋ ነው።

ስነቃ ፊቴ አብጦ እናቴ እንኳ በድምፄ እስክትለየኝ ትጠብቅ ነበር፤ ድምፅም የለኝም። በእጄ ምልክት ይርጋን ጠየቅሁ፤ ያ ረጅሙ፣ መርፌ የሚወጋው።

«ያ ሊገድልሽ የነበረው? ወስደውታል፤ የእጁን ያገኛል» አለችኝ እናቴ። እሷ ምን ታውቃለች፣ ጋሼ የነገራትን ነው።

ጋሼ በሦስተኛው ቀን ብቻውን መጣ። አልጋዬ አጠገብ ተንበረከከ። ጋሼ ሲንበረከክ ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ዘሀራ፣ ደንግጬ ነው ያልኩት። አንዴ ከአፌ ወጥቷል። አሁን ብመልሰው እኔን ነው የሚያስገቡኝ፤ አምስት ልጆች አሉኝ። እሱን ይመረምሩታል፣ ምንም ሲያጡበት ይለቁታል። ስለዚያ ስለ ምች ነገር ለማንም አትናገሪ። ባሳደግሁሽ!» አለኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ድምፄ በአራተኛው ቀን ተመልሶ ነበር። ሰው በሌለበት ስሜን ጠርቼ ሞከርኩት፤ ወጣ። ሰው ሲመጣ ግን ጉሮሮዬን በጣቴ እያመለከትኩ ዝም አልኩ። አምስተኛው ቀን፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው። ከእስር ቤት ለቁስለኛ የሚሆን ፋሻ ሊወስዱ ሰዎች መጡ ሲባል ሰማሁ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ስምንተኛውንም ዋልኩ። ነፍሴን ያተረፈው ሰው ውስጥ እግሩን ሲገረፍ፣ እኔ ሾርባ እየጠጣሁ ጉሮሮዬን አመለክት ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ እኔ ራሴን ይቅር አላልኩም።

በዘጠነኛው ቀን አንዲት አሮጊት መጡ። ከደብረ ኤልያስ ነው የመጡት፤ ስንት ቀን እንደ ተጓዙ ልብሳቸው ይናገራል። የይርጋ እናት ናቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ጉልበቴን ሳሙኝ።

«ልጄ፣ እንኳን ተረፍሽ። ልጄ ጥፋት አጥፍቶብሽ ከሆነ ይቅር በዪው። ካላጠፋ ግን እባክሽ ንገሪያቸው። አንድ ነው ያለኝ» አሉኝ።

ጣቴ እንደ ለመደው ወደ ጉሮሮዬ ሊሄድ ሲል ያዝኩት።

ዶክተሩ ለጉብኝት ሲገባ ጋሼ ሊያስተረጉም አብሮት ነበር። ጋሼን አላየሁትም። ተነሥቼ ተቀመጥኩና ዶክተሩን ፊት ለፊት አየሁት።

«ዶክተር፣ ምች» አልኩት።

ጋሼ ደርቆ ቀረ። ዶክተሩን ግን አልገረመውም። በተሰባበረ አማርኛ መለሰልኝ።

«ምች? ምች አውቃለሁ። ሁሉም በሽተኛ ምች ይላል። ምች ሲል እኔ እጠይቃለሁ፤ ያሳክካል? ያብጣል? የት?»

ከንፈሬን አሳየሁት፣ ዓይኔን፣ ሆዴን። ካርዴን አንሥቼ የመጀመሪያውን ራጅ ቀን በጣቴ ነካሁለት። «ያን ቀን። ቤት እንደገባሁ» አልኩ። ከዚያ ጋሼን አመለከትኩ። «ነግሬው ነበር።»

ዶክተሩ ካርዱን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሮ በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ ተናገረው።

«ምን አለህ?» አልኩት ጋሼን። ወደ በሩ ዞረ። «ጋሼ! እንግሊዝኛው ያንተ ሥራ አይደለም? አስተርጉም እንጂ! ምን አለህ?»

«ምች ብላኝ ቢሆን ኖሮ» አለ ጋሼ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «መድኃኒቱን አልሰጣትም ነበር፤ ነው የሚለው።»

የይርጋ እናት መሬት መሬት ያያሉ። ጋሼ ኮቱን ቆለፈ፣ ወጣ፣ በእግሩ ወደ እስር ቤቱ ሄደ። ለዚህ አላመሰግነውም፣ አልረግመውምም። ዶክተሩም ወረቀት ጽፎ ላከ። ይርጋን ከአራት ቀን በኋላ ለቀቁት፤ በዚያው ሰሞን ጋሼን አሰሩት። እሱ ግርፋት አልደረሰበትም። ሲወጣ ከኮሚቴው ሰርዘው ሩቅ አውራጃ ወዳለ ትምህርት ቤት ሰደዱት፤ እኔንም ለብዙ ዓመት አላናገረኝም።

ማገገሙ ረጅም ነበር፤ ስለሱም ላውራችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁ ሰዎች ብቻችሁን እንዳይመስላችሁ። እብጠቱ በሳምንት ሄደ፤ ጎድኔ ግን ስስቅም ስስልም፣ ከሁሉም በላይ መርገጫውን ስረግጥ እየወጋኝ ሁለት ወር ያህል ቆየ። ያቺ ክፉ ጠጠር ደግሞ፣ ያን ሁሉ መዓት ካመጣች በኋላ፣ ትኩሳቴን በመርፌ ካበረዱልኝና ውሃ በገንቦ ከጠጣሁ ወዲያ፣ አንድ ቀን ብቸና ጓሮዬ ውስጥ ዱብ ብላ ወጣች፤ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። አንሥቼ ሰደብኳት። ሰይድ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ከሱቅ ሮጦ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ላይ ላዩን ድኛለሁ፤ ነገር ግን መዳፌን ትንሽ ባሳከከኝ ቁጥር ጉሮሮዬ የሚዘጋ እየመሰለኝ፣ ሥራዬን ጥዬ በር ላይ ቆሜ ትንፋሼን የምቆጥርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ይህም ይለቃል። እኔን የለቀቀኝ በዓመት ከመንፈቁ ነው።

መራመድ እንደቻልኩ ወደ ሞጣ ተመልሼ ይርጋ ወዳረፈበት ቤት ሄድኩ። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ትከሻዬ ላይ አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ። እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። ሊነሣ ሞከረና አልቻለም።

«እትዬ፣ ያውርዱት!» አለኝ ተቆጥቶ። «ጎድንዎ ገና አልጠገገም፤ ምን ሆነው ነው ድንጋይ የሚሸከሙት?»

አወረድኩት። ያን ሁሉ ንግግር እየተለማመድኩ መጥቼ ለቅሶ ብቻ ሆነ። አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«እከኩ ተመልሶ መጥቶብዎታል?» ሲል ጠየቀኝ። አልመጣም አልኩት። «ዘጠኙን ቀን ዝም ማለትዎን ሰምቻለሁ። እናቴ ነግራኛለች» አለኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። ወረቀትና እስክሪብቶ እንዳቀብለው ጠየቀኝና በዚያ በሚያምር የቅኔ ቤት እጁ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ ይህች ሴት ለራጅ በሚሰጥ አዮዲን ያለበት መድኃኒት ሁለት ጊዜ ታማለች፤ በሁለተኛው ልቧ ቆሞ ነበር፤ እንዳይሰጣት። በእንግሊዝኛም ደገመው። «እርስዎ ባይናገሩ እንኳ ይህ ይናገርልዎታል» አለኝ።

ወረቀቱን ቆዳ ውስጥ ሰፍቼ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ያየኝ ሁሉ ክታብ ይለዋል፤ ይበለው። ከብዙ ዓመት በኋላ ጋሼ ሸብቶ ብቸና ሱቄ ድረስ መጣና አንገቴን አየ። ሊናገር ሲል ስፌቱን ተርትሬ ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበው። የማን ጽሕፈት እንደሆነ አላጣውም። ካጎነበሰበት ሳይነሣ ብዙ ቆየ፤ እኔም አላባበልኩትም። ከዚያ መልሼ ሰፋሁት።

ምስጋናዬ ለአላህ ነው፣ ለዚያ ፈረንጅ ነው፣ ከሁሉም በፊት ለይርጋና ለእናቱ ነው። ሰይድንም አልረሳም፤ አንድ ዓመት ሙሉ የኔን መኪና ከራሱ ጋር ደርቦ ረግጧል።

ነገ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን በመርፌ ልትነሡ ቀጠሮ የያዛችሁ ሰዎች፣ አትፍሩ። ብዙው ሰው ሞቅ ብሎት ብቻ ይነሣል፤ የዛሬው መድኃኒትም ከዚያኛው የተሻለ ነው ይላሉ ሐኪሞች። ግን ከመወጋታችሁ በፊት ተናገሩ። ምች ብላችሁ ታውቁት እንደሆነ ምች በሉ፤ ቡዳ ብላችሁት እንደሆነ ቡዳ በሉ፤ ሐኪሙ ከውስጡ የሚፈልገውን ያወጣል። ተወግታችሁ ወዲያው ወደ ቤት አትሩጡ፤ ቁጭ ብላችሁ ቆዩ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ቢያሳክካችሁ ወይም ቢያብጣችሁ ተመልሳችሁ ሄዳችሁ ካርዳችሁ ላይ አስጽፉ። አንድ ጊዜ የነካው ሰው ደግሞ ያለ መርፌ የሚሆን ምርመራ ካለ ይጠይቅ። ስለ በሽተኛ የምትናገሩ ዘመዶችም፣ እሱ ያለውን ንገሩ እንጂ የሚያሳፍራችሁን አታስቀሩ።

ባለፈው ሰሞን ሞጣ ሄጄ ይርጋን አየሁት። ጡረታ ወጥቷል። በር ድረስ ሊሸኘኝ ተነሣ፤ ሁለት ደረጃ አለች ደጁ ላይ። በግድግዳው ተደግፎ፣ አንድ እግሩን አውርዶ፣ ቆሞ፣ ሌላውን እስኪያወርድ ጠበቅሁት። እኔ ድኛለሁ።